ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል?

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ልመላለስበት ብሎ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱና ስለ ጠቅላላ ዋጋው ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ስለ ባትሪው ይጠይቅ እላለሁ። ጎማና ፍሬን የሚጠግን ሰው በየከተማው አይጠፋም። ባትሪ ሲደክም ግን የሚመጣው ወጪ የብስክሌቱን ዋጋ ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጉዳይ በየቤቱ ይነሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ተስፋውን አጠንክሮታል። ኃይሉ ከዓባይ፣ ከራሳችን ውኃ ይመነጫል፤ ባትሪው ግን የሚመጣው ከውጭ፣ በዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር የ300 ዶላር ባትሪ 17,100 ብር ያህል ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው ባትሪ 39,000 ብር ሆነ፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር።

ርካሹ ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ነው። አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ። ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ዳገት ላይ ይፈትናል። በደንብ ከተያዘ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል፤ ባዶውን ከከረመ ግን ውስጡ ጨው መሰል ነገር ይደድርበትና አይነሳም።

የሊቲየም ባትሪ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ሣጥኑ ውስጥ የተደረደሩት ትንንሽ ሴሎች ብዙውን ጊዜ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። የተለመደው ዓይነት ከ500 እስከ 800 ሙሉ ቻርጅ ድረስ ያገለግላል፤ የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው 2,000 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ግማሽ ግማሹን ሁለት ጊዜ መሙላት የሚቆጠረው እንደ አንድ ነው። ዕድሜው አለቀ ሲባልም አቅሙ ወደ 80 በመቶ ወረደ ማለት እንጂ ድንገት ይቆማል ማለት አይደለም።

እናስላው። ባለ 48 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በአንድ ቻርጅ 40 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ፣ በ500 ቻርጅ 20,000 ኪሎ ሜትር ነው። 39,000 ብሩ ለዚያ ሲካፈል ለኪሎ ሜትር ወደ 2 ብር ይመጣል። አንዴ ለመሙላት የሚፈጀው መብራት ከአንድ ኪሎ ዋት-ሰዓት በታች ስለሆነ ሒሳቡ ጥቂት ብር ነው። የብስክሌቱ እውነተኛ ነዳጅ እንግዲህ ባትሪው ነው፤ ያውም በቅድሚያ የሚከፈል። ቡሬ ደርሶ ለመመለስ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ስለሚያስፈልግ እዚያው ቻርጅ ማድረግ የግድ ይላል። በርበሬ የሞላ ጆንያ ከተጫነበት 40ውም አይገኝም።

መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ የ100 ዋት ሶላር በጠራ ቀን ይህን ባትሪ ለመሙላት ይቀርባል። ክረምት ላይ ግን ደመናው ያንን ይቀንሰዋል፤ ጭቃውም ብስክሌቱን ያስቀምጠዋል። ብዙ ባትሪ የሚሞተው እንዲህ ቆሞ ሲከርም ነው። ሊቲየሙን ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ከምድጃና ከእርጥበት አርቆ ማስቀመጥ፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ማየት ያስፈልጋል። የእርሳሱ ግን ሙሉውን ይቀመጥ።

አንድ ሴል ሲደክም ሙሉ ባትሪው ይዳከማል፤ ስለዚህ ሴል መቀየር ያዋጣል ብሎ ማሰብ ያጓጓል። ሆኖም አዲስና አሮጌ ከተቀላቀለ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል፤ በተራ ብየዳ ከተነካካም እሳት ሊነሳ ይችላል። መሣሪያውና ልምዱ ያለው ባለሙያ ካልተገኘ ባይነካ ይሻላል። ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ቮልቱን፣ አምፔር-ሰዓቱን፣ የሊቲየሙን ዓይነትና የተመረተበትን ቀን ያንብብ፤ ያው ቅርጽና ያው ሶኬት ያለው ምትክ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነም ዋጋውን ጨምሮ ይጠይቅ።