በእንግሊዝ አገር ታክሲና የግል ኪራይ መኪና እንዴት እንደሚፈቀድ
(ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

ባለፈው ዓመት ለገና በዓል በእንግሊዝ አገር የሚኖሩት አጎቴ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አባቴ፣ «ወንድሜ እዚያ ታክሲ ይነዳል» ብለው ለእንግዶቹ ነገሯቸው። አጎቴ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «የለም፤ እኔ የምነዳው ታክሲ አይደለም። ታክሲ ነኝ ብዬ ከመንገድ ላይ ሰው ብጭን ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ገንዘብ ተቀብሎ ሰው የሚያመላልስ መኪና ታክሲ ካልተባለ ምን ሊባል ነው ብዬ ስለ ተገረምሁ፥ እሳቸው በሰነበቱባቸው ቀኖች እየጠየቅሁ የተረዳሁትንና በኋላም አንብቤ ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፈረስ ሠረገላ ዘመን ነው። በሎንዶን ከተማ የኪራይ ሠረገሎች ቁጥር በ1654 በሕግ ተወስኖ ነበር። ከሎንዶን ውጭ ላሉት ከተሞች ደግሞ በ1847 አንድ ሕግ ወጣ፤ ይህም ሕግ ከብዙ መሻሻል ጋር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስለዚህ ሠረገላው ቀርቶ በሞተር የሚሄደው መኪና ቢተካም፥ በሕጉ ቋንቋ ታክሲ ዛሬም «ሃክኒ ካሬጅ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የኪራይ ሠረገላ ማለት ነው።

ታክሲ ማለት መንገደኛ እጁን አንሥቶ ሊያስቆመው የሚችል፥ በታክሲ ማቆሚያም ተሰልፎ ሰው ሊጠብቅ የሚፈቀድለት መኪና ነው። ማዘጋጃ ቤቱም የዋጋውን ከፍተኛ መጠን ሊወስን ይችላል። የግል ኪራይ መኪና ግን አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር ሰው ሊጭን አይችልም። ትእዛዙም የሚደርሰው ፈቃድ ባለው አገናኝ ድርጅት በኩል ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው ማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ድርጅቱ ነው። መኪናው ከ8 መንገደኞች በላይ አይጭንም፤ ሰውም እንዳይሳሳት ታክሲ መስሎ መታየት አይፈቀድለትም።

አጎቴ ስለዚህ ነገር አንድ ታሪክ አጫወቱኝ። አንድ ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው ከመንገድ ዳር እጃቸውን አነሡላቸው። አጎቴ መኪናቸውን አቁመው መጫን እንደማይችሉ ሲነግሯቸው ሴትዮዋ አዝነው፣ «ባዶ መኪና ይዘህ እንዴት ትከለክለኛለህ?» አሏቸው። አጎቴም የድርጅቱን ስልክ ቁጥር ሰጥተዋቸው፥ ሴትዮዋ ደውለው ሌላ መኪና እስኪመጣላቸው ድረስ አብረዋቸው ቆሙ። እኔም፣ «ጋሼ፥ ይህ ጭካኔ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ «ልጄ፥ መኪና በድርጅቱ በኩል ሲታዘዝ ማን እንዳዘዘ፥ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፥ የትኛው ሹፌር እንደ ተላከ ይመዘገባል። ከመንገድ ላይ ያነሣሁት ሰው ግን የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። እኔ ክፉ ሰው ብሆንስ ኖሮ?» ይህን ስሰማ ደንቡ የወጣው በዚያ ሌሊት ለነበሩት እናትና ልጅ ጭምር መሆኑ ገባኝ።

ከሎንዶን ውጭ የግል ኪራይን ሥራ የሚመራው በ1976 የወጣው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሦስት ፈቃዶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለሹፌሩ፥ ሁለተኛው ለመኪናው፥ ሦስተኛው ለአገናኙ ድርጅት ነው። ሦስቱም ከአንድ ማዘጋጃ ቤት የወጡ መሆን አለባቸው። ይህም እንደ ሦስት ጉልቻ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቀመጥም።

ሹፌሩ ለሥራው ብቁና ተገቢ ሰው መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱ ማመን አለበት። መንጃ ፈቃድ ካገኘ ቢያንስ 12 ወር የሞላው መሆን ይኖርበታል፤ የወንጀል መዝገቡም ይመረመራል። የመጓጓዣ ሚኒስቴር በ2020 ባወጣው መመሪያ ይህ ምርመራ በየ6 ወሩ እንዲደገም ማዘጋጃ ቤቶችን አሳስቧል፤ ዓላማውም ከሁሉ በፊት ሕፃናትንና ረዳት የሌላቸውን ሰዎች መጠበቅ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የሐኪም ማስረጃና የቋንቋ ፈተና ይጠይቃሉ። የሹፌሩ ፈቃድ እንደ ደንቡ 3 ዓመት፥ የድርጅቱ 5 ዓመት፥ የመኪናው ግን ቢበዛ 1 ዓመት ይጸናል። መኪናው በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊመረመር ይችላል፤ የሚያስጠይቅ ጉዳት ሲደርስበትም በ72 ሰዓት ውስጥ ለማዘጋጃ ቤቱ መነገር አለበት። የዓይነ ስውርን መሪ ውሻ አልጭንም ማለት ወይም ስለ ውሻው ተጨማሪ ዋጋ መጠየቅም ክልክል ነው።

የሎንዶን ሕግ ለብቻው ነው። የጥቁሩ ታክሲ ሹፌር ለመሆን የሚፈልግ ሰው በ1865 የተጀመረውን ታላቅ ፈተና ማለፍ አለበት። ቻሪንግ ክሮስ ከሚባለው ስፍራ 6 ማይል ዙሪያ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃሉ ያጠናል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። እኛ ለአንድ የጂኦግራፊ ፈተና ስንጨነቅ ይህን ማሰብ ይገባናል!

ይሁን እንጂ ደንብ መልካም ቢሆንም አፈጻጸሙ ሲጓደል ሰውን ይጎዳል። አጎቴ ፈቃዳቸውን ለማደስ የሐኪም ማስረጃቸውን በጊዜው ቢያስገቡም፥ ወረቀቱ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ስለ ቀረ ፈቃዳቸው አለቀ፤ 5 ሳምንትም ያለ ሥራ ተቀመጡ። የመኪናው ዕዳ ግን አልተኛም። በዚያ ወር ለእኔና ለእኅቴ ትምህርት የሚልኩልን ገንዘብ ስላልመጣ አባቴ ከዕድር ተበደሩ። ፈቃድ የተከለከለ ሹፌር በ21 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን የተከለከለ ሳይሆን መልስ ያላገኘ ሰው ይግባኝ የሚልበት ውሳኔ በእጁ የለም።

ለመሄድ በተነሡበት ቀን፣ «ጋሼ፥ ታዲያ ደንቡ ቢቀር አይሻልም?» አልኋቸው። እሳቸውም፣ «የለም፤ የማላውቀው ሹፌር እኅትህን በሌሊት ወደ ቤት ሲያደርሳት፥ የመረመረው ሰው እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደንቡ ይኑር፤ ወረቀቱን የያዘው ሰው ግን ወረቀቱ የሰው እንጀራ መሆኑን ይወቅ» አሉኝ።

ከመካከላችን ነገ በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጡ ብዙዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። በዚያን ጊዜ የአጎቴን ቃል እንድናስታውስ እያሳሰብሁ ጽሑፌን በዚህ እፈጽማለሁ።