በኩርሙክ ከርከዴ የሚታየው የአሲድና የቤዝ መስፈርት

ከአሶሳ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው መንገድ ኩርሙክ ሲደርስ፣ በቆላው ሐሩር ደክሞ የመጣውን እንግዳ ከሚያረኩት መጠጦች አንዱ ከርከዴ ነው፤ ይኸውም የተክሉን አበባ ከግርጌው አቅፎ የሚይዘው ቀይ ሽፋን ደርቆ በውሃ ሲዘፈዘፍ ወይም ሲፈላ የሚገኝ፣ መልኩ የጠቆረ ቀይ፣ ጣዕሙ ኮምጣጣ የሆነ፣ ስኳር ተጨምሮበት ትኩሱም ቀዝቃዛውም የሚጠጣ ነው። በድንበሩ ወዲያና ወዲህ የሚኖረው ሕዝብ በጋራ የሚያውቀው ይህ መጠጥ፣ ጥማትን ከመቁረጡ ሌላ፣ በጥንተ ንጥር (በኬሚስትሪ) ትምህርት ስለ አሲድና ስለ ቤዝ የሚሰጠውን ሐተታ በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ የማስተዋውቀው በዚሁ አገልግሎቱ ነው።

ስኳር ያልገባበት ከርከዴ በውሃ ቀጠን ተደርጎ በሦስት ንጹሓን ብርጭቆዎች ይቀዳ። የመጀመሪያው ለማነጻጸሪያ እንዳለ ይቀመጥ፤ በሁለተኛው ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ጠብ ቢደረግበት ቀይነቱ ይፈካል፤ በሦስተኛው ላይ ግን የእንጨት አመድ በውሃ ተበጥብጦ ካደረ በኋላ ከላይ የጠለለውን ውሃ በማንኪያ እየለኩ ቢጨምሩበት፣ ቀዩ መልክ አስቀድሞ ወደ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊ፣ የአመዱ ኃይል ሲበረታም ወደ አረንጓዴ ይዞራል። በዚሁ በአረንጓዴው ላይ ሳይዘገዩ ሎሚ ቢጨምቁበት ደግሞ፣ ጥቃቅን አረፋ እያወጣ የለወጠውን መልክ ትቶ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል። አመድ የነካው ከርከዴ ሊቀመስ አይገባውም፤ የአመድ ውሃም ዓይንን ይጎዳልና ሕፃናት ብቻቸውን አይያዙት።

ይህ ለውጥ የሚሆንበት ምክንያት በከርከዴው ውስጥ ያለው፣ አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም፣ በዙሪያው ባለው የሃይድሮጂን አዮን ብዛትና ማነስ መጠን ጠባዩን ስለሚለውጥ ነው። በአየርላንድ የተወለደው ሊቅ ሮበርት ቦይል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1664 ባሳተመው ስለ ቀለም በሚናገረው መጽሐፉ፣ የአበባ ጭማቂ በአሲድ ሲነካ አንድ መልክ፣ በተቃራኒው ሲነካ ሌላ መልክ እንደሚያሳይ ገልጾ ነበር፤ የነገሩ ውስጣዊ ምሥጢር ግን የተገለጠው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የስዊድኑ ስቫንቴ አሬኒየስ አሲድ በውሃ ውስጥ ሃይድሮጂን አዮን የሚሰጥ ነገር መሆኑን ሲያስተምር፣ ኋላም በ1923 የዴንማርኩ ብሮንስቴድና የእንግሊዙ ሎውሪ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ አሲድ ማለት ፕሮቶን (ይኸውም የሃይድሮጂን አዮን) ሰጪ፣ ቤዝ ማለት ፕሮቶን ተቀባይ ነው ብለው ትርጓሜውን ሲያሰፉት ነው። የሎሚው አሲድ የሰጠውን ፕሮቶን የአመዱ ፖታሲየም ካርቦኔት ተቀብሎ፣ ከሁለቱ መገናኘት ውሃ፣ ጨውና በአረፋ መልክ የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ይገኛሉ።

ነገር ግን ቀለም አሲድ መሆን አለመሆኑን ቢያሳይ ልኩን በቁጥር አይናገርምና፣ መስፈርት ማስፈለጉ አልቀረም። ፒኤች የሚባለውን ይህንን መስፈርት በ1909 የሠራው በኮፐንሃገን ከተማ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ የጥንተ ንጥር ክፍል ኃላፊ የነበረው ሶረንሰን ነው፤ በፍጥረታት ውስጥ ሥራ የሚያፋጥኑት ኤንዛይሞች የአሲድ መጠን ጥቂት ሲለወጥ ሥራቸው ይታወክ ነበርና፣ ያንን መጠን በአጭር ቁጥር መጻፍ አስፈለገው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አዮን፣ ሞል በሚባለው የብዛት መለኪያ፣ የአንድ ሞል 10,000,000ኛ ክፍል ነው፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ ሰባት ዜሮዎች አሉና የንጹሕ ውሃ ፒኤች 7 ተባለ፤ ከዚያ በታች ያለው አሲድ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቤዝ ነው። ሎሚ ወደ 2፣ ከርከዴ ወደ 3 ይጠጋሉ፤ የሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ ወሰን ተጠብቆ ይኖራል።

ተማሪዎቻችን ከ0 እስከ 14 ያለውን ተርታ በቃላቸው አጥንተው ለፈተና ይቀርባሉ፤ የመስፈርቱ ዋና ነገር ግን እያንዳንዱ መዓርግ ከሚቀጥለው በአሥር እጥፍ መራቁ ነው፤ ፒኤቹ 5 የሆነ ነገር፣ 7 ከሆነው በሁለት ቁጥር ብቻ የሚያንስ መስሎ ቢታይም፣ የሃይድሮጂን አዮኑ በመቶ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ተርታውን ቢደግመውም መስፈርቱን አውቋል ለማለት አይቻልም።

የአሥሩ እጥፍ ነገር እጅግ የሚከብደው በእርሻ ላይ ነው። በአሶሳ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ስለሚዘንብ፣ ውሃው ለብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ከቀዩ አፈር ወስዶታልና መሬቱ ኮምጣጣ ሆኗል፤ የሰብሉ ተረፈ ምርት ከማሳው መነሣቱና አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ በየዓመቱ መጨመሩም ኮምጣጣነቱን ያባብሱታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል፤ ገበሬው ገንዘብ አውጥቶ የጨመረው ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ ለተክሉ የማይደርስ ይሆናል። ማዳበሪያ ጨምሮ ምርት ያላገኘው ሰው ዕጣውን ወይም ዘሩን ቢያማርር አይፈረድበትም፤ ምክንያቱ በዓይን አይታይምና።

መድኃኒቱ ደግሞ ከዚያው ክልል ምድር የራቀ አይደለም። አሶሳና ኩርሙክ የሚገኙበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በእብነ በረድ የታወቀ አገር ሲሆን፣ የዳለቲ እብነ በረድ ስሙ የገነነ ነው፤ እብነ በረድም በመሠረቱ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለት ለአሲዳማ መሬት የሚሰጠው የግብርና ኖራ ያው ውሁድ ነው። ይህ ድንጋይ ልሞ በማሳው ላይ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ሲታረስ አሲዱን ያበርዳል፣ ካልሲየሙንም ይመልሳል። የፎቅ ወለል የሚያስጌጠው ድንጋይ ሲቆረጥ የሚቀረው ስብርባሪና ዱቄት እየተመረመረ ለገበሬው የሚደርስበት መንገድ ቢበጅ፣ ጥበብና ምድር በአንድ ስፍራ የተገናኙበት ሥራ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ኩርሙክ ተናግሮ ወርቅን መተው አይገባም። የበርታ ብሔረሰብ ሴቶች በእንጨት ገበቴ አሸዋውን እያጠቡ የሚለዩት ወርቅ፣ ሃይድሮክሎሪክም ሆነ ናይትሪክ አሲድ ለየብቻቸው ቢፈስሱበት የማይነካ ነው፤ ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክና አንድ እጅ ናይትሪክ ሲቀላቀሉ ግን ይሟሟል። በታላላቅ ማዕድን ማውጫዎች ወርቁን ከተፈጨው ድንጋይ የሚያሟሙት በሲያናይድ ውሃ ሲሆን፣ ይህ ውሃ በኖራ ኃይል ፒኤቹ ከ10 በላይ ሆኖ ካልተጠበቀ፣ ነፍስ የሚያጠፋው የሃይድሮጂን ሲያናይድ አየር ከውስጡ ይተናል፤ ስለዚህ በዚያ ሥራ ላይ የተመደበ ሰው ፒኤችን የሚለካው ሕይወትን ለመጠበቅ ነው።

እንግዲህ በኩርሙክና በአሶሳ ዙሪያ የምታስተምሩ መምህራን፣ ቤተ ሙከራ እስኪሠራ ድረስ ትምህርቱን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አትለፉት፤ ከርከዴው፣ ሎሚውና አመዱ በእጃችሁ ናቸውና ልጆቹ ቀለሙ ሲዞር በዓይናቸው ይዩት። ለትምህርት ቤቶች ዕቃ የምታቀርቡ ሁሉ ደግሞ ዋጋው ቀላል የሆነውን የፒኤች ወረቀት ከመጻሕፍቱ ጋር ላኩላቸው፤ ተማሪውም ከአባቱ ማሳ አፈር አምጥቶ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ይለካ። ወረቀቱ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነውና፣ በማሳው ላይ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚበተን ከመወሰኑ በፊት ግን አፈሩ በአሶሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ባሉ ባለሙያዎች ምክር ይመርመር።