ማግኔቱ ስለ ስቴንለስ የማይነግራችሁ

ስቴንለስ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ትንሽ ማግኔት ኪሱ ውስጥ ይይዛል። ላሜራው ላይ ያስጠጋትና ካልተሳበች "ኦሪጅናል ነው" ብሎ ይከፍላል፤ ከተሳበች "ፎርጂድ ነው" ብሎ ያልፋል። እዚህ አዲስ አበባ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ እስከ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ሻጩም ገዢውም በዚህ ፈተና ይዳኛል። የኔ አቋም ግን ይህ ነው፦ ማግኔቷ ከገዢው ይልቅ የምትጠቅመው ርካሹን ስቴንለስ በውዱ ዋጋ ለሚሸጥ ሰው ነው፤ ጥፋቷም ገበያው ላይ አያበቃም፣ ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት ድረስ ይከተለናል። ነገሩ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው። መጠኑ ወደ 10.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲደርስ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዐይን የማይታይ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሪርሊ ያቀለጠው ስመ ጥሩ የማይዝግ ብረት 12.8 በመቶ ክሮሚየም ነበረው፤ ኒኬል አልገባበትም፣ ማግኔትም ይስበው ነበር። በእኛ ፈተና ቢሆን ኖሮ ፎርጂድ ተብሎ ይመለስ ነበር ማለት ነው። ማግኔት የሚለየው የብረቱ አተሞች የተደረደሩበትን መንገድ እንጂ የክሮሚየሙን መጠን አይደለም። ድርድሩን ለውጦ ብረቱን ማግኔት እንዳይስበው የሚያደርገው በብዛት ኒኬል ነው፤ ስቴንለስ ዓይነቱ በቁጥር ይጠራል፤ ታዋቂው 304 ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ቢያንስ 8 በመቶ ኒኬል ይዟል፤ ድስት ላይ 18/8 ተብሎ የሚታተመውም እሱ ነው። ችግሩ ማንጋኒዝም ይህንኑ ሥራ መሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኒኬል ሲጠፋ አሜሪካኖች የኒኬሉን ግማሽ ገደማ በማንጋኒዝና በናይትሮጅን ተክተው 201ን አወጡ፤ ኒኬሉ ከ3.5 እስከ 5.5፣ ማንጋኒዙ ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ነው። ማግኔት እሱንም አይስበውም። ስለዚህ 304 እና 201 ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማግኔቷ ለሁለቱም ያው መልስ ትሰጣለች፤ የዋጋው ልዩነት ያለው ግን በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ደግሞ 201 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 201 አይደለም፤ ኒኬሉ ወደ 1 በመቶ የወረደ፣ ክሮሚየሙም የሳሳ ዓይነት በዓለም ገበያ ይዞራል፤ እሱም ማግኔቷን ያልፋል።

በተቃራኒው ደህናው ብረት ይወድቃል። 430 ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ያለው ትክክለኛ ስቴንለስ ነው፤ ማግኔት ይስበዋል። ጥሩ ቢላዋ የሚወጣው ከ420 ዓይነት ነው፤ በእሳት ጠንክሮ ስለት እንዲይዝ የሚያስችለው የውስጥ ድርድር ራሱ ማግኔት የሚስበው ነው፣ ስለዚህ ማግኔት የማይስበው ቢላዋ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። 304ም ቢሆን በፕሬስ ሲጎተት ወይም ሲታጠፍ ድርድሩ በከፊል ይለወጣል፤ የእቃ ማጠቢያ ሲንክ ማዕዘን ላይ ማግኔት ትንሽ የሚይዘው ለዚህ ነው።

"አዲስ አበባ ባሕር የላት፣ ጨዋማ አየር የላት፤ 201 ምን አጠፋ?" የሚል ሰው ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው። ለቤት ውስጥ ደረጃ መደገፊያ፣ ለመደርደሪያ፣ ለአልጋ 201 በቂ ነው፤ ለእነዚህ 316 የተባለውን ዓይነት የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ይበትናል። ጨው ግን ከባሕር ብቻ አይመጣም። ሥጋ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ የሆቴል ወጥ ቤት፣ አዋዜና በርበሬ የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ቀኑን ሙሉ ጨውና ሎሚ ሲነካው ይውላል፤ ማታ ደግሞ በበረኪና ይታጠባል። ጨውም በረኪናም ክሎራይድ አላቸው፤ ክሎራይድ ያንን ሽፋን በአንድ ነጥብ ይበሳና ወደ ውስጥ ይቆፍራል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ 201 ቶሎ ይሸነፋል፣ 304 ይሻላል፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ደግሞ የበለጠ ይችላል። በረኪና ተደፍቶበት ካደረ ግን 316ም አይተርፍም፤ በውኃ ማለቅለቅ ከቁጥሩ እኩል ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቶርኖ ቤት። "ስቴንለስ አስቸጋሪ ነው፣ ፑንታ ይጨርሳል" የሚለው ምሬት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። 304 እና 201 ሲነኩ ይጠነክራሉ። መቁረጫው ሳይቆርጥ ሲያሽ ወይም ፑንታው ቦታ ላይ ሲሽከረከር ላዩ ይደድራል፤ ቀጣዩ ቁርጠት የሚገጥመው ያ የደደረው ልጣጭ ነው። በዚህ 201 ከ304 ይብሳል። ሙቀቱም አይወጣም፤ 304 ሙቀት የሚያስተላልፈው ከተራው ብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ትኩሳቱ መቁረጫው ጫፍ ላይ ይከማቻል። መድኃኒቱ ብዙዎቻችን የለመድነው ተቃራኒ ነው፦ ዙሩን መቀነስ፣ ግፊቱን ግን መጨመር። 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ ከ400 እስከ 500 ዙር ይበቃዋል፤ ኮባልት ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ዘይቱ ሳይቋረጥ፣ እጅ ሳይላላ፣ ብረቱ ተቆርጦ እስኪወጣ መግፋት ነው። ቶርኖ ላይም እንዲሁ፤ በፍርሃት የሚሰጥ ቀጭን ቁርጠት መቁረጫውን ይገድለዋል፣ ቁርጠቱ ከደደረው ልጣጭ በታች መግባት አለበት።

ቁጥሩ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የሚሠራው ፒን ወይም ቡሽ ከሆነና ብየዳ የማይነካው ከሆነ 303 አለ፤ ድኝ ስለተጨመረበት ጥራጊው ተሰባብሮ ይወርዳል፣ ሥራው ይፈጥናል። ያው ድኝ ግን ሲበየድ ያሰነጥቀዋል፣ ዝገት የመቋቋም አቅሙንም ይቀንሳል። የሚበየድ ከሆነ 304ኤል ይሻላል፤ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ ስለማይበልጥ በብየዳው ጠርዝ ላይ ክሮሚየሙን ይዞ አያስቀርም። መፋተግ የሚበዛበት ዘንግ ደግሞ ወደ 420 ይሄዳል። "ስቴንለስ ሥራልኝ" ብሎ ብቻ ያዘዘ ደንበኛ ባለሙያውን ከእነዚህ አንዱን እንዲገምት ትቶታል። ማግኔቷም 303ን ከ304 አትለይለትም።

ሌላው መቃወሚያ ከባድ ነው፦ "304 ተብሎ የተገዛውም ዝጓል፤ ታዲያ ቁጥሩ ምን ፈየደ?" ብዙ ጊዜ የዛገው ስቴንለሱ ሳይሆን ላዩ ላይ የተተወው ተራ ብረት ነው። ጠዋት የብረት በር የላገ ግራይንደር ከሰዓት ስቴንለሱን በዚያው ዲስክ ሲልግ የብረቱን ብናኝ እላዩ ላይ ይቀብራል፤ የሽቦ ብሩሹም እንዲሁ። ብየዳው ዳር የሚቀረው ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ደግሞ ከሥሩ ክሮሚየሙ የሳሳበት ቦታ ነው፤ በስቴንለስ ብሩሽ ወይም ለዚሁ በሚሸጥ የአሲድ ቅባት ካልተነሣ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ቅባቱ አደገኛ ነው፣ ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ለስቴንለስ ብቻ የሚሆን ዲስክና ብሩሽ ለይቶ ማስቀመጥ ግን ወጪው ኢምንት ነው፤ ይህን የማያደርግ ቤት 304ን ወስዶ የ201ን ዕድሜ ይሰጠዋል።

የሚቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ኒኬል ውድና ዋጋው የማይጨበጥ ብረት ነው፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 ለንደን ላይ ቶኑ ከ100 ሺህ ዶላር አልፎ ግብይቱ እስከ መታገድ ደርሷል። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ደግሞ ከውጭ የሚገባ ላሜራ ሁሉ ከብዷል። ስለዚህ 201 ይጥፋ አልልም፤ በስሙና በዋጋው ይሸጥ ነው የምለው። ደረሰኙ ላይ "ስቴንለስ" ተብሎ ከሚጻፍ 201፣ 304 ወይም 430 ተብሎ ይጻፍ። "ሻጩ ቢዋሽስ?" ካላችሁ፣ ከትንሽ ባትሪ ጋር የሚሠራ የመፈተሻ ጠብታ አለ፤ ማንጋኒዝ የበዛበት ላይ ሲፈስ ይቀላል። እንደ ላቦራቶሪ መቶኛ አይነግራችሁም፣ 304ን ከ316ም በእርግጠኝነት ላይለይ ይችላል፤ 201ን ከ304 ለመለየት ግን ይበቃል፣ ብልቃጧም ከማግኔቷ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ትገባለች።