ባሕር ሳይሻገሩ ባሕር ማዶን ማየት

እኛ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ጀምሮ «አገር ማየት ከፈለግህ ባሕር ተሻገር» ሲባል እንሰማለን። የመርከብና የአውሮፕላን ዋጋ ግን ከገበሬ አቅም በላይ ነው። ታዲያ አገር ማየት ለባለጸጋ ብቻ የተፈቀደ ነውን? አይደለም። ለገበያ ድሬዳዋ የወረደ ገበሬ ግማሽ ቀን ካተረፈ፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች የኖሩበትን ሰፈር በእግሩ ዞሮ ሊያይ ይችላል።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ነገር ግን ተራራው አስቸገረ፤ ወጪውም በዛ። ስለዚህ ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ቦታ ከተማ ሆነ፤ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ይህችው ናት።

ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዮች፣ አርመኖች፣ ዐረቦች፣ ሕንዶችና ግሪኮች መጡ። ግሪክ ተራራና ደሴት የበዛባት፣ የሚታረስ መሬቷ ጥቂት የሆነ አገር ናት። መሬት ያነሰው ሰው እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፈረንጅ ሁሉ ጌታ ሆኖ አልመጣም። በሐዲዱ ሥራ ጉልበታቸውን የሸጡ ግሪኮች ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ሱቅና ሆቴል ከፈቱ።

አሁን ወደ ከዚራ እንሂድ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለው እዚያ ነው፤ ፈረንጆቹም የኖሩት በዚሁ ሰፈር ነበር። መንገዱ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፎችም ያጠሉታል። ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ግን መንገዱ ይጠብባል፣ ይጠማዘዛል። ሁለቱን አወዳድሩ።

ዛሬ ግሪኮቹን በብዛት አታገኟቸውም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ብዙዎቹ አገሩን ለቀው ሄደዋል። የቀረው ቤቱና ትዝታው ነው።

ግሪክ ከእኛ ጋር የተገናኘችው ግን በባቡር ብቻ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ታሪኩን በድንጋይ ላይ በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ጽሑፍ አስቀርጿል። የተማራችኋቸውን ቁጥሮች ተመልከቱ። ፩፣ ፪፣ ፫ የተወሰዱት ከግሪክ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ፊደል ነው። ማታ የሚበራው ፋኖስ ስሙ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ደርሶናል። «ጊዮርጊስ» የሚለው ስም ደግሞ በግሪክኛ ገበሬ ከሚለው ቃል የመጣ ነው! እንግዲህ ባሕር ማዶ ከቤታችሁ ገብቶ ኖሯል ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚራ ስትሄዱ እንዲሁ አትለፉ። በግድግዳ ላይ ጽሑፍ ካያችሁ አንብቡ። ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ ብታገኙ ሰላምታ ሰጥታችሁ ጠይቁ፦ «አባባ፣ ይህን ቤት ማን ሠራው? ድንጋዩንስ ማን ተሸከመው?» በሉ። ከግሪኩ ጎን ድንጋይ የፈለጠውና ብረት የተሸከመው የአገራችን ሠራተኛ ብዙ ነው፤ የአብዛኞቹ ስም ግን አልተጻፈም። የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። የሰማችሁትን በደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ትናንት ስማቸው ያልተጻፈው መጻፍ የሚችል ሰው በአጠገባቸው ስላልነበረ ነው። ዛሬ ግን እናንተ አላችሁ።