በገመድ ላይ የደረቀ የገላ ፎጣ ስለ ምን ይሻክራል?

አዲስ የተገዛ የገላ ፎጣ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ነው። ጥቂት ጊዜ ታጥቦ በገመድ ላይ ከደረቀ በኋላ ግን እንደ ቁርበት ይገተራል፤ ገላንም ሲያብሱበት ይፍቃል። በዚህ ጊዜ በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። ጥፋተኛዋ ልብስ አጣቢዋ ትሆናለች። «ሳሙናውን ሳታስለቅቂ ሰጣሽው» ወይም «ፀሐይ ላይ ረስተሽ አቃጠልሽው» ትባላለች፤ ከተግሣጽም አልፎ ከደመወዟ የሚቀነስባት ቤት አይታጣም። ልብሱን ራሱ የሚያጥብ ተማሪ ደግሞ የሚከሰው ሌላ ሰው ስለሌለው «የረከሰ ዕቃ ነው» ብሎ በፎጣው ይፈርድና ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ሦስት ፍርዶች እውነት ያለበት የትኛው እንደ ሆነ መመርመርና የማድረቂያ መኪና በሌለበት ቤት ፎጣን አለስልሶ ለማቆየት የሚቻልበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ የፎጣን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። ፎጣ ከሌላው ጨርቅ የሚለየው በሁለት ፊቱ ላይ በቆሙት የክር ቀለበቶች ነው። የዚህ ዓይነት ጨርቅ በቱርክ አገር በቡርሳ ከተማ ይሠራ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሄንሪ ክሪስቲ የተባለ እንግሊዛዊ ናሙናውን ወደ አገሩ ወሰደ፤ በመኪና መሠራት ከጀመረም በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ስለ ታሪኩ ይህን ያህል ይበቃል። ለጕዳያችን የሚያስፈልገው ቀለበቶቹ የሚሠሩት ሥራ ነው። ቀለበቶቹ የጨርቁን ገጽ ስለሚያበዙት ፎጣው ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ እያንዳንዱ ቀለበት ለብቻው ስለሚተጣጠፍም ለገላ ይለሰልሳል። እንግዲህ ፎጣ ሻከረ ስንል ክሩ ተለወጠ ማለታችን አይደለም። ቀለበቶቹ ተኝተዋል፤ ተኝተውም እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል ማለታችን ነው። ጥያቄው ያጣበቃቸው ነገር ምንድን ነው የሚል ይሆናል።

አንዱ መልስ በውሃውና በሳሙናው ውስጥ ይገኛል። ውሃ በኖራ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። መቀሌን የመሰለ በኖራ ድንጋይ ላይ የተቈረቈረ ከተማ፣ እንዲሁም ድሬዳዋ፣ ከጕድጓድ የሚቀዳው ውሃ እንዲህ ያለ መሆኑን በማንቆርቆሪያው ውስጥ ከሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ማንም ያውቀዋል። በዚህ ውሃ ሳሙና ሲመታ አረፋ አይወጣም፤ ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተዋሕዶ በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። አጣቢዋ አረፋ ያጣችው ሳሙናው አንሶ መስሏት ትጨምራለች፤ በጨመረች መጠንም ዝቃጩ ይበዛል፤ ይኸው በቀለበቶቹ መካከል ገብቶ ይደርቃል። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣውን ውሃ የሚጠቀም ያዲስ አበባ ቤት ይህ ችግር እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ «ሳሙናውን ሳታስለቅቂ» የሚለው ክስ እውነት ያለበት ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከአጣቢዋ ክንድ ይልቅ ከውሃው ነው። አሥር ጊዜ ብታለቀልቀው ዝቃጩ በዚያው ውሃ አይሟሟም።

ነገር ግን ይህ መልስ ብቻውን አይበቃም። ኖራ በሌለበት ውሃ ታጥቦ፣ ሳሙናው ፈጽሞ ለቅቆ የደረቀ ፎጣም ይገተራልና። ለዚህ የተሻለውን ማስረጃ ያቀረቡት ጃፓኖች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ካኦ ከተባለው የሳሙና ኩባንያና ከሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የጥጥን ገጽ እጅግ ረቂቅ በሆነ መሣሪያ መርምረው፣ ደርቋል በምንለው ጥጥ ላይ ጥቂት ውሃ ተጣብቆ እንደሚቀርና ይህም ውሃ ከተራ ውሃ የተለየ ጠባይ እንዳለው አሳዩ። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስም ውሃን በሃይድሮጂን ትስስር አጥብቆ ይይዛል። ፎጣው ሲደርቅ ነጻው ውሃ ይተናል፤ የመጨረሻው ቀጭን ውሃ ግን በሁለት የጥጥ ጸጉሮች መካከል እንደ ድልድይ ሆኖ ይቀርና ያያይዛቸዋል። ሙጫ የሆነው ራሱ ውሃው ነው ማለት ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት የማይመስል ቢሆንም፣ እርጥብ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ያየ ሰው አይደነቅበትም።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ድልድዩ የሚሠራው ጸጉሮቹ ሳይነቃነቁ ባንድ ቦታ ሲቈዩ ነው። በማድረቂያ መኪና ውስጥ ፎጣው እየተገለባበጠ ስለሚወድቅ፣ ውሃው በሚያልቅበት ሰዓት ቀለበቶቹ ዕረፍት አያገኙም፤ ድልድዩም ገና ሲጀመር ይሰበራል። የመኪናው ምስጢር ከሙቀቱ ይልቅ በማንከባለሉ ላይ ነው ለማለት ይቻላል። (መኪናውም ያለ ዋጋ አይሠራም። በማጣሪያው ላይ የሚጠራቀመው ብናኝ ከዚያው ከፎጣው እየተፋቀ የወጣ ጥጥ ነው።) «ፀሐይ አቃጠለው» የሚለው ክስም በዚሁ ይወድቃል። ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ ሳያየው የደረቀ ፎጣም ይገተራል፤ በኅዳር ነፋስ ሲርገበገብ የዋለው ግን ከዚያ ይሻላል። እርግጥ ነው፣ ለብዙ ወራት በብርቱ ፀሐይ የሚውል ጥጥ እየሳሳና ቀለሙ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ይህ ግን ባንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ፀሐይ ጀርሞችን ስለምትገድል ፎጣን ከርሷ መሸሸግ አይገባም፤ እንደ ደረቀ ማንሣት ይበቃል።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ይሁን? በሳፋ ለሚያጥብ ሰው ፎጣዎቹ በውሃው ውስጥ እንደ ልብ የሚገላበጡበት ስፍራ ሊኖር ይገባል፤ ተጨናንቆ የታጠበ ፎጣ ሳሙናውን አይለቅም። የዱቄት ሳሙና ከሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይሟሟ። መጠኑ ከሚገመተው ያነሰ ይሁን፤ የገላ ፎጣ የሚያብሰው የታጠበ ገላ ስለ ሆነ እንደ ሥራ ልብስ አይቈሽሽም። ኖራ በሚበዛበት አገር ከሳሙናው በፊት ጥቂት የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በውሃው ላይ መጨመር ካልሲየሙን አስቀድሞ ያዘቅጠዋል። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው፤ ቢያንስ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ቢቀመጥ ይጠቅማል።

በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ባንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ የቡና ስኒ ነጭ ኮምጣጤ መጨመር የኖራውን ቅሪት ያሟሟል፤ ሽታውም ሲደርቅ ይጠፋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮምጣጤና በረኪና ባንድ ላይ ከቶ መግባት የለባቸውም። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ በሩ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ ሳንባን ይጐዳል። ነጭ ፎጣን በበረኪና የሚያነጣ ሰው በዚያ ቀን ኮምጣጤውን ይተወው።

መጭመቁ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሥራ ነው። ፎጣን እንደ ገመድ ጠምዝዞ ማክረር ውሃውን ቢያወጣም ቀለበቶቹን ጨፍልቆ ያስተኛቸዋል። አጥፎ በመዳፍ መጫን ወይም በሳፋው ውስጥ በእግር መርገጥ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ማራገፍ ነው። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ጋቢ እንደሚራገፍ፣ አሥር ጊዜ ያህል በኀይል ቢያራግፉት የተኙት ቀለበቶች ይነሣሉ። በገመዱ ላይ ሲሰጣም ፊትና ኋላው እንዳይነካካ ባንድ ጠርዙ ተይዞ ይንጠልጠል፤ ነፋስ እንዲያርገበግበው ነው። ግማሽ ያህል ሲደርቅ አውርዶ እንደገና ማራገፍ፣ ደርቆ ሲነሣም በሁለት እጅ ይዞ ማሻሸት ያስፈልጋል፤ የቀረው ድልድይ የሚሰበረው በዚህ ጊዜ ነው። በካውያ መተኰስ ግን ያነሡትን መልሶ ማስተኛት ስለ ሆነ ለፎጣ አይገባም።

ይህን የሚጠራጠር ሰው በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ፎጣዎች ባንድ ሳፋ ይታጠቡ፤ አንዱ እንደ ወጣ ሳይነካ ይሰጣ፣ ሌላው ከላይ እንደ ተባለው ይራገፍ። ከዚያም ዓይኑን የሸፈነ ጓደኛ ሁለቱን በጕንጩ ነክቶ ይለያቸው።

በየሱቁ የሚሸጠው የልብስ ማለስለሻስ? እርግጥ ያለሰልሳል። በውስጡ ያለው ቅባትነት ያለው ቅመም በጥጡ ጸጉር ላይ ተለብጦ ውሃው ድልድይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ነገር ግን ያው ልባጭ ፎጣው ውሃ እንዳይጠጣ ይከለክለዋል። በየጊዜው ማለስለሻ የሚገባበት ፎጣ እጅ ሲነካው ደስ ይላል፤ ገላ ሲያብሱበት ግን ውሃውን ወዲያና ወዲህ ይገፋል እንጂ አያደርቅም። ውሃ የማይጠጣ ፎጣ ምን ፎጣ ይባላል? ባነስተኛ ገንዘብ ለሚኖር ተማሪ ይህ ወጪ አስፈላጊ ሆኖ አልታየንም።

ከልብስ አጣቢዎች አጠገብ ቆሞ መመልከት ለሳይንስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያገራችን ሊቅ አክሊሉ ለማ አሳይተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሱበት። ስለ ፎጣም ቢሆን፣ ሸማን ሲያራግፉ የኖሩት እናቶች ጃፓኖቹ በመሣሪያ ያዩትን ነገር በክንዳቸው ያውቁት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቀረው የክረምቱ ነገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ስለማይገኝ ፎጣ ሁለትና ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቈያል፤ ከመሻከሩም በላይ ይሸታል። ይህንም ሽታ ጃፓኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. መርምረው ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ ከተባለ ባክቴሪያ እንደሚመጣ ገልጸዋል። ባክቴሪያው የሚራባው ጨርቁ እርጥብ ሆኖ በሚቈይበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ በክረምት ፎጣን እንደ ታጠበ በሳፋ ውስጥ አከማችቶ ማሳደር አይገባም። ሁሉንም ባንድ ቀን ከማጠብ ይልቅ አንድ አንዱን ማጠብ፣ በበረንዳ ሥር አራርቆ መስጣት፣ ባለፉ ባገደሙ ቍጥርም አንድ ጊዜ ማራገፍ ይሻላል።