ዋጋው በጠቅላላው ስንት ነው?

ባለፈው ጊዜ ስለ ሚዛንና ስለ ኪሎ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ዱቤ ግዢ እንነጋገራለን። ዕቃውን ዛሬ ወስዶ ገንዘቡን በየወሩ ቀስ በቀስ መክፈል ማለት ነው። ዕቃው እስከ ቤታችን ሲመጣ ስለምንጠየቀው የማድረሻ ዋጋም እናነሳለን። እርሳስና ደብተር ያላችሁ አውጡ፤ ሒሳብ አለብን።

ዕቃ ቤት ድረስ መምጣቱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሱቅ በደረቴ የምንለው ነጋዴ መርፌውን፣ ክሩን፣ መስተዋቱንና ማበጠሪያውን ተሸክሞ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። ከደጃፍ ቆሞ ይጣራል። የቤቱ እመቤት ወጥታ መርፌውን በጣቷ ትሞክራለች፤ ትከራከራለች፤ ካልወደደችው ትመልሳለች። ገንዘብ ባይኖራት በእንቁላል ትለውጣለች። ዕቃውም ሰውየውም ፊት ለፊቷ ናቸው።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። ሻጩ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ የዕቃውን ፎቶግራፍ በስልክ ያሳያል። ገንዘቡም በስልክ ይሄዳል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በዚያው ስልክ አነስተኛ ብድር መስጠት ተጀመረ። ዕቃው በአውቶቡስ ይጫንና ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ይወርዳል። ገዢው ዕቃውን በእጁ የሚነካው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ።

በየወሩ እየከፈሉ መግዛትስ ከየት መጣ? ሲንጀር የሚባለውን የልብስ ስፌት መኪና ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1856 መኪናውን በየወሩ ክፍያ መሸጥ ጀመረ። የአንዱ ዋጋ ያን ጊዜ ከመቶ ዶላር በላይ ነበር። ይህን በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። ኩባንያው ጥቂት ቅድሚያ ተቀብሎ መኪናውን ሰጠ፤ ቀሪውን በየወሩ ተቀበለ። መኪናው ሠርቶ ገንዘብ የሚያመጣ ዕቃ ነውና፣ ሰፍቶ ዕዳውን ሊከፍል ይችላል። ይህን ልብ በሉ። ገንዘብ የሚያመጣ ዕቃ በዱቤ መግዛትና ገንዘብ የማያመጣ ዕቃ በዱቤ መግዛት እኩል አይደሉም።

እኛም አገር ቢሆን በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ገበሬው ጥቂት ቅድሚያ እየከፈለ ማዳበሪያ በዱቤ ይወስድ ነበር። ቀሪውን የሚከፍለው ከአዝመራ በኋላ ነው። በቡድን ዋስትና ከአብቁተ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ ከተባለው፣ የተበደረም ከመካከላችሁ አይጠፋም። ስለዚህ ዱቤ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ ሒሳቡ ነው።

እንግዲህ አንድ ሻጭ የፀሐይ መብራት ይዞ መጣ እንበል። ዋጋውን ለምሳሌ ያህል ነው የምጠራው።

«እማማ፣ በወር 500 ብር ብቻ ነው» ይላል።

«ልጄ፣ የወሩን አልጠየቅሁህም። የሁሉንም ንገረኝ» ይሉታል።

እኒህ እናት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። በእጅ በእጅ ለሚከፍል ሰው መብራቱ 6,000 ብር ነው። በዱቤ ግን ቅድሚያ 1,500 ብር፣ ከዚያ በየወሩ 500 ብር ለ12 ወር ይከፈላል። 500 በ12 ሲባዛ 6,000 ይሆናል። በዚያ ላይ 1,500 ስንደምር 7,500 ብር መጣ። ልዩነቱ 1,500 ብር ነው።

«ለአንድ ዓመት ትዕግሥት 1,500 ብር ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ቆዩ። መጀመሪያውኑ 1,500 ብር በቅድሚያ ሰጥታችኋል። ስለዚህ ሻጩ ያመናችሁ በ6,000 ብር አይደለም፤ በ4,500 ብር ነው። በ4,500 ብር ላይ 1,500 ብር መጨመር ማለት ሲሶ መጨመር ነው። ሲሶ ምን ማለት እንደሆነ መሬት ያረሰ ሰው ያውቃል። ይኼም ሁሉ አይደለም። በየወሩ ስለምትከፍሉ ዕዳው ወር በወር ይቀንሳል። ዓመቱን በአማካይ ስናየው በእጃችሁ የቆየው የሻጩ ገንዘብ ከ2,500 ብር አይበልጥም። ለ2,500 ብር 1,500 ብር መክፈል ከሲሶ አልፎ ከግማሽ በላይ ሆነ ማለት ነው። እኔም በደብተሬ ስጽፈው ሁለት ጊዜ ደመርኩት።

ደግሞ የወሩ ነገር አለ። ሻጩ ደመወዝተኛ ነው ብሎ ያስብ ይመስል በየወሩ ክፈሉ ይላል። የገበሬው ገንዘብ ግን በየወሩ አይመጣም። አዝመራ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል። ያን ጊዜ 500 ብር ፈልጎ የሚያጣ ሰው በግ ይነዳል። ነሐሴ መባቻ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው፤ በግ የሚገዛው ሰው ያንሳል፤ ዋጋው ይወርዳል። የዱቤው ዋጋ በደብተር ላይ 1,500 ብር ሆኖ ሳለ በገበያው ግን በጓም ተከተለች ማለት ነው። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት «የክረምቱን ክፍያ ወደ ጥር አዙሩልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ የሚል ሻጭ አለ፤ እንቢ የሚልም አለ። እንቢ ካለም ቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

አሁን ወደ ማድረሻው እንምጣ። አሜሪካኖች በ1913 በፈረንጆች አቆጣጠር ለገጠሩ ሰው ዕቃ በፖስታ ማድረስ ሲጀምሩ ዋጋውን በሁለት ነገር ለኩት፤ በክብደትና በርቀት። ዛሬም ነገሩ ያው ነው። እስከ ነፋስ መውጫ ያለው አንድ ዋጋ ነው። ከዚያ ወደ አርብ ገበያ ሌላ ዋጋ ነው። ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ደርሶ ከከተማ ወጣ ላለው ቀበሌ ደግሞ የበቅሎ ወይም የተሸካሚ ዋጋ ይጨመራል። «ማድረሻ በነጻ» ሲሏችሁ «እስከ የት?» በሉ። እስከ መናኸሪያ ነው ወይስ እስከ ደጃፌ?

ሌላ ጥያቄም አለ። ዕቃው ተሰብሮ ቢመጣ የመመለሻውን ማን ይከፍላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው 15 ቀን ብዙ ነው። ዕቃው ስድስት ቀን በመንገድ ለሚቆይበት፣ ከዚያም ገበያ እስኪውል ለሚጠብቅ የስማዳ ሰው ግን ቀኑ በመንገድ ያልቃል። እንግዲያው ዕቃው እንደደረሰ እዚያው መናኸሪያ፣ ረዳቱ እያየ፣ ፈትታችሁ እዩት። መብራት ከሆነ አብሩት። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛበትን ቀን ማስረዳት ያስቸግራል።

በስልክ የምትከፍሉም አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን ታስታውሳላችሁ። መስመር ተቋርጦ የወሩ ክፍያ ቢያልፍ ቅጣት አለ ወይ? መልሱ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ውሉን በተመለከተ፣ ዱሮ «እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ያትሙ» ሲባል ማተም ነበር። ዛሬ ማንበብ ጀምራችኋል። ቀስ ብላችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ፤ ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። በውሉ ላይ ጠቅላላ ዋጋው፣ ቅድሚያው፣ የወሩ ክፍያ፣ የማድረሻው ዋጋና ቢዘገይ የሚመጣው ቅጣት በቁጥርም በፊደልም መኖር አለባቸው። ለዕቃው መግዣ ከዘመድ የተበደራችሁም ብትሆኑ ጻፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት ፊት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ እንጂ በሰው ምስክር አይረጋገጥም ይላል።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አንዲት ሴት የልብስ ስፌት መኪና ፈለገች። በእጅ በእጅ 14,000 ብር ነው። በዱቤ ቅድሚያ 4,000 ብር፣ ከዚያ በየወሩ 1,300 ብር ለ10 ወር ነው። እስከ ነፋስ መውጫ ማድረሻው 600 ብር፣ ከዚያ እስከ ቤቷ 250 ብር ነው። ጎረቤቶቿ ደግሞ «በወር 1,400 ብር የሚጣልበት የአሥር ሰው ዕቁብ እንግባ» ይሏታል።

በዱቤ ብትገዛ ጠቅላላ ስንት ታወጣለች? በዕቁቡ ገንዘብ ብትገዛስ? የዕቁቡ ዕጣ በስንተኛው ወር ቢወጣላት ነው ዕቁቡ ከዱቤው የሚሻላት? ለመጨረሻው ጥያቄ መኪናው በወር ስንት ብር እንደሚያስገባላት እናንተው ገምቱ። ከጎረቤት ጋር ተከራከሩበት፤ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ አብረን እናርመዋለን። ደኅና ሰንብቱ።