ስለ ይብራ

ከወረታ ከተማ በስተ ምዕራብ፥ የፎገራ ሜዳ በሚያልቅበት፥ የጣና ሐይቅ ይገኛል። በዚያም ይብራ የሚባል ትልቅ ነጭ ወፍ አለ። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ያህል ይሆናል።

ከመንቆሩ በታች የቆዳ ከረጢት አለው። ይህም የስንቅ ስልቻ ይመስላል፤ ነገር ግን መረብ ነው። ይብራ ዓሣውን ከነውኃው ይጨልፋል፤ ውኃውን አፍስሶም ዓሣውን ይውጣል።

አካሉ ተንሳፋፊ ስለ ሆነ ወደ ጥልቁ አይጠልቅም። ስለዚህ ብዙዎች ሆነው በግማሽ ክብ ይሰለፋሉ፤ ዓሣውንም ወደ ዳር ነድተው መንቆራቸውን ባንድነት ያጠልቃሉ። ከአንዱ ያመለጠው በባልንጀራው መንቆር ይያዛል።

በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በሜዳው ላይ ይፈስሳሉ። ያን ጊዜ አምባዛ የሚባለው ዓሣ ወደ ተኛው ውኃ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። በዚህ ወራት ዓሣውን በመረብ የሚጨርስ ሰው የከርሞውን ዘር ያጠፋል። ዓሣ ሲጠፋ ወፉም ዓሣ አጥማጁም ይራባሉ።

ይብራዎች ተባብረው ያጠምዳሉ፤ ሰዎችም ተባብረው የዓሣውን ዘር ሊጠብቁ ይገባል። አንዱ ብቻውን የጠበቀውን ጎረቤቱ ያጠፋዋልና።